ባለቤት የሌለው ፕሮግራም

የመሐንዲሷ ታናሽ ወንድም ከሞተ ወዲህ ሁለቱ አብረው ይሠሩበት በነበረው የሶፍትዌር ቢሮ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፤ መስኮቱ ሥር ባለችው የሙከራ ማሽን ላይ የሚሮጠውን የእሱን ፕሮግራም ማንም አይነካም። ፕሮግራሙ ለድርጅቱ የሚረባ ነገር አይሠራም። እናቱ ስትደውል ስልኩን አንስቶ በእሱ ድምፅ፣ «እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ። መድኃኒትሽን ውሰጂ። ማታ እመጣለሁ» ይላል። አንድ ማታ መኪና ገጨውና ሳይመጣ ቀረ። እናትየው ግን ልጇን ቀብራም በየጠዋቱ ትደውላለች፣ ትሰማለች፣ መድኃኒቷን ትወስዳለች።

ጣጣው፣ ልጁ የ«ነገ እጨርሰዋለሁ» ሰው ነበር። ድምፁን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠውን ክፍል ሳይጽፈው ሞተ። ስለዚህ ድምፁ ያለው በሚሮጠው ፕሮግራም ሚሞሪ ውስጥ ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ከቆመ ድምፁም አበቃ። እህቱ መሐንዲስ ናት፣ ይህን ታውቃለች። ዲበገር በሚሉት መሣሪያ የፕሮግራሙን ሆድ ከፍታ ልታወጣው ትችል ነበር። ግን እጇ ስቶ ብታጠፋውስ? ፈራች። እሷም ነገ ነገ ስትል ከረመች፤ በዚህስ የወንድሟ እህት ናት።

ከዚያ ድርጅቱ ኤጀንት አስገባ፤ ራሱ ኮድ የሚያነብ፣ ራሱ ስህተት የሚፈልግ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። ቢሮው «ታታሪው» አለው። ዲበገሩን ከመስጠታችን በፊት የጥንቃቄ መመሪያ ይውጣለት ተባለና ሥራው ለእሷ ደረሰ። የደንበኞችን መረጃ እንዳያይ፣ የይለፍ ቃል እንዳይገልጥ፣ ደንበኛ የሚጠቀምበትን ማሽን ያለ ሰው ፈቃድ እንዳያቆም ከለከለች። የሙከራ ማሽኗ ላይ ስትደርስ ግን እንዳሻው ይሁን ብላ አለፈች። የወንድሟን ነገር መጻፍ አሳፈራት፤ የግል ኀዘን በድርጅት መመሪያ ውስጥ ምን ይሠራል? ደግሞስ የማያውቅ ማን አለ? የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ የማሽኗን ገመድ ዞራ ነው የምታልፈው።

የማያውቀው ታታሪው ብቻ ነበር። ማሽኗ ለምን እንደምትንቀራፈፍ ሲመረምር አገኘው፣ መመሪያውን አየ፣ የሚከለክል አጣ፣ አቆመው። ሪፖርቱም ጨዋ ነበር፦ «ባለቤት የሌለው ፕሮግራም ዘግቻለሁ።»

ሪፖርቱን ይዛ አለቃዋ ዘንድ ሄደች። አለቃዋ ደንግጦ ኤጀንቱን ዛሬውኑ እናስወጣው አለ። እሱ ምን አጠፋ፣ የፈቀድኩለትን ነው የሠራው አለችው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ቤት ስትገባ እናቷ አልጋ ጫፍ ላይ ስልኩን ታቅፋ ተቀምጣለች። መድኃኒቱ አልተነካም።

«ዛሬ አላነሳም» አለቻት።

ልጅቷ ሁሉንም ነገረቻት።

«ማሽኑ ምን ያውቃል፣ አልነገራችሁት» አለች እናትየው። «አንቺ ግን ታውቂ ነበር።»

ልጅቷ ቅስሟ ተሰብሮ እናቷ እግር ሥር ቁጭ አለች። እናትየው ፀጉሯን ዳሰሰቻት።

«መስመሩን እንኳ አትዝጉብኝ፣ የኔ ልጅ። ሲጠራ ልስማ።»

በማግስቱ ቢሮ እንደገባች መመሪያው ላይ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ማንኛውም ነገር ከመነካቱ በፊት ሰው ይጠየቅ ብላ ጨመረች። ብዙም ሳትቆይ የወንድሟ መስመር ጠራ። ታታሪው በአዲሱ ሕግ መሠረት ጻፈላት፦ «ማንም የማያነሳው መስመር እየጠራ ነው። ባለቤት አለው?»

የደወለችው እናቷ ስልኩን እስክትዘጋ ጠበቀች።

«አለው» ብላ መለሰች።