አርባ ሁለተኛዋ

ውሃው ላይ የተንሳፈፉት ቅርፊቶች አርባ አንድ ነበሩ። የወባ ትንኝ ክንፍ አውጥታ ስትበር ቅርፊቷን ውሃው ላይ ጥላ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ውሃው በተቀመጠበት የማርቢያ መረብ ሳጥን ውስጥ አርባ አንድ ትንኞች መገኘት ነበረባቸው። ቆጠርኩ፤ አርባ ሁለት። በብርድ አደንዝዤ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ በአንድ ደረደርኳቸው። አሁንም አርባ ሁለት።

አንዷ ከውጭ ገብታለች።

እነዚህ ትንኞች የአንዲት እናት ዘሮች ናቸው። እህትን ከወንድም እያዳቀልኩ፣ የገዛ ክንዴን ደም እየመገብኩ አሥራ አንደኛ ትውልድ አድርሻቸዋለሁ። እናቴ በደወለች ቁጥር «የሰው ሴት ልጅ ለእናቷ የልጅ ልጅ ታሳያለች፤ የኔዋ የትንኝ ቅድመ አያት ሆና ቀረች» ትለኛለች። ቤተሰቡን ያጠበብኩት ግን ያለምክንያት አይደለም። ዘረመል አንባቢው ማሽን የሁሉንም ዘረመል አንድ ላይ በጣጥሶ ነው የሚያነበው፤ ከዚያ ቁርጥራጩ መልሶ ይገጣጠማል። ባዕድ ከተቀላቀለበት የሁለት ሰው ደብዳቤ ቀዳዶ አንድ ላይ እንደመለጠፍ ነው። ቤት ለቤት የትኛው ፀረ ትንኝ መድኃኒት ይረጭ የሚለውም የሚወሰነው በዚያ ንባብ ነው።

ጥፋቱ የኔው ነው። ጠዋት ከሜዳ የተያዙት ትንኞች ያሉበትን ክፍል አጽድቼ፣ ጋዋኔን ሳልቀይር ወደዚህ ተሻገርኩ። በሩ ላይ «ጋዋን ሳይቀይሩ ማለፍ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት አለ። የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ኃላፊያችንን በሌሉበት «ቶሎ ቶሎ» እንላቸዋለን። ቢሯቸው ገባሁ።

«አርባ ሁለት ናቸው» አልኳቸው።

«ጎሽ! አንድ ተረፈን ማለት ነው።»

«አንዷ ባዕድ ናት። ያስገባኋት እኔ ነኝ።»

ተነስተው በሩን ዘጉ። «ማን ያውቃል?»

«እኔና እርስዎ።»

«እንግዲያው ማንም አያውቅም። ስሚኝ እህቴ፣ የማሽኑ ተራ ነገ ጠዋት የኛ ነው። ካለፈን ስድስት ወር መጠበቅ ነው። አንዲት ትንኝ ምን ታመጣለች?»

«ወባም የምታመጣው አንዲት ትንኝ ናት።»

«ለቅመሽ ጣያት!»

«የቷን? በዓይን አትለይም።»

«በግምት!»

«በግምት ከሆነ ማሽኑ ምን ያደርግልናል?»

ቅጹን ገፉልኝ። «ሁሉም የአንዲት እናት ዘሮች ናቸው» ከሚለው ሥር ያሳደጋቸው ሰው ይፈርማል፤ ያለዚያ ፊርማ ማሽኑ ያለበት ተቋም ናሙና አይቀበልም። ብዕር አንስቼ ዓረፍተ ነገሩን ሰረዝኩትና ከላዩ «አርባ አንዱ ናቸው። አንዷን አላውቃትም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ቀደዱት። ሌላ ቅጽ አመጡ። ያንኑ ጻፍኩ።

«ቅጹ ያልቅ ይሆናል እንጂ እኔ ሌላ አልጽፍም።»

«እንግዲያው ደውለሽ ራስሽ ንገሪያቸው! በኋላ የኔ ስም እንዳይነሳ።»

እዚያው ፊታቸው ደወልኩ። «ናሙናችን ተበላሽቷል፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የነገውን ተራ ለሌላ ስጡ» አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ወጣሁ።

ተከትለውኝ ወደ ትንኞቹ ክፍል መጡ።

«አሁን ደስ አለሽ? አሥራ አንድ ትውልድ ገደል ገባ!»

«አልገባም። ገና የአንድ ቀን ናቸው፤ አልተዳቀሉም። ከእያንዳንዳቸው አንድ እግር እነቅልና ካስቀመጥነው የእናታቸው ዘረመል ጋር እዚሁ ባለን ትንሽ መመርመሪያ አስተያያለሁ። የማትመስለው ትወጣለች። የቀሩት ተራ እስኪደርስ ይዋለዳሉ።»

«አርባ ሁለት እግር! እሱን ደግሞ መቼ ልትጨርሺው ነው?»

«ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» አልኩ። ቅጽል ስማቸውን ፊት ለፊታቸው ስጠራ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ሰሙ፤ ጆሯቸው ቀላ።

ትንኞቹን በረዶ ላይ አስተኝቼ፣ መብራቱን ዝቅ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። የትንኝ እግር ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ትንፋሽ ይወስደዋል። የመጀመሪያውን ነቅዬ ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩ፤ ቁጥር ጻፍኩበት። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ኃላፊዬ አናቴ ላይ ቆመው ጥላቸው ወረቀቴን ሸፈነው።

«ስንት ሆነ?»

«ሦስት። ሠላሳ ዘጠኝ ይቀራል። ወይ መቆንጠጫ ይያዙ፣ ወይ ከብርሃኑ ፈቀቅ ይበሉልኝ።»

ፈቀቅ አሉ። አራተኛዋን አነሳሁ።