ሦስተኛው ጥያቄ

ሞርቫሪድን ፍርድ ቤት መመላለስ አንገሽግሿታል። ግላስጎ ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሦስቱን ለራሷ ጥገኝነት ስትሟገት አሳለፈች፣ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ደግሞ ለታናሽ ወንድሟ ለሆርሞዝ። የዛሬው ይግባኝ ውድቅ ከሆነ ሆርሞዝ ወደ ኢራን ይመለሳል። እዚያ የሚቀበሉት ደግሞ ያው ያሰሩት ሰዎች ናቸው።

ነገሩን ያበላሸው የገዛ ጨዋነቱ ነው። ሆርሞዝ ካሻን ከተማ ውስጥ ምንጣፍ ጠጋኝ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኞች ሰልፍ ሲወጡ አብሯቸው ወጣና ታሰረ። እዚህ በደረሰ ሰሞን ጉዳዩን የያዘው መኮንን እስር ቤት ጉዳት ደርሶበት እንደሆነ ቢጠይቀው፣ የሚወራ ነገር አይደለም፣ እርስዎን ጤና ይስጥልኝ አለ። ሐኪም ይየው ወይ ቢባል፣ አይቸገሩ አለ። በአገራቸው ሰው መጀመሪያ ሲጠየቅ እሺ አይልም፣ ሻይም ቢሆን መድኃኒትም ቢሆን። ጠያቂው ይደግማል፣ ይሠልሳል፣ እውነቱ የሚወጣው ያኔ ነው። የዚህ አገር ሰው ግን አንዴ ይጠይቅና ይጽፋል። ጉዳት አልደረሰበትም፣ ሐኪምም አልፈለገም ብሎ ጻፈው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሆርሞዝ ዝምታ ግን ነቅዞ መዝገብ ላይ ወጣ።

ስለዚህ ሞርቫሪድ ሳምንቱን ሙሉ በሻይ አለማመደችው።

"ሻይ ትጠጣለህ?"

"አትድከሚ፣ እትዬ።"

"ወደቅህ።"

"ኧረ አልጠማኝም እኮ።"

"ዳኛዋ ምን አገባት መጠማት አለመጠማትህ! አንዴ አዎ በል፣ አንተ ሰውዬ። አፍህ አይቆረጥም።"

እስከ ዓርብ ሁለት ጊዜ አዎ አለ። ሁለቱንም ጊዜ ሻዩን ሳይጨርስ ተወው።

ችሎቱን የያዙት ዳኛ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ከሆርሞዝ ጋር የታሰረ አንድ ወዳጁ ከቱርክ የላከው ደብዳቤ ተነበበ፤ ሁለታችንንም ውስጥ እግራችንን ገርፈውናል ይላል። የመንግሥት ወኪሉ ተነሥቶ፣ ጓደኛ ለጓደኛው ምን የማይጽፈው አለ፣ ሰውየው ራሱ አልተጎዳሁም ብሏል አለ። በመጨረሻ ዳኛዋ በአስተርጓሚው በኩል ሆርሞዝን፣ መናገር ወይም ማሳየት የሚፈልገው ነገር እንዳለ ጠየቁት።

ሆርሞዝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

"የለም፣ ክብርት ዳኛ። እስካሁንም አድክሜዎታለሁ።"

የሆርሞዝ ጠበቃ ኢሽቤል ዓይኗን ጨፈነች። ዳኛዋ መዝገቡን ሊዘጉ ሲሉ ሞርቫሪድ ሳታስበው ቆማ ተገኘች።

"ክብርት ዳኛ፣ በእኛ አገር አንዴ የተጠየቀ ሰው እንዳልተጠየቀ ነው። እባክዎ ይድገሙለት።"

ተቀመጪ ተባለች። ኢሽቤል ግን አጋጣሚውን አላሳለፈችም፤ የይግባኛችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው አለች። ዳኛዋ ትንሽ አሰቡና ጥያቄውን ደገሙት።

"አይቸገሩ" አለ ሆርሞዝ። ፊቱ ፍም መስሏል።

ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

"ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቅዎታለሁ።"

ያኔ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ጊዜ ወሰደበት። እግርን ወደ ትልቅ ሰው ማዞር ነውር ነውና መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያ ካልሲውን አውልቆ ውስጥ እግሩን ወደ ዳኛዋ አዞረ። ተረከዙ አጠገብ ያለው ቆዳ በክፉ እንደተጠገነ ጨርቅ ተኮማትሯል። 

ዳኛዋ ብዙ ጻፉ። ውሳኔው በፖስታ እንደሚደርሳቸው ተነገራቸው። ኢሽቤል የሞርቫሪድን እጅ ጭብጥ አድርጋ፣ ዛሬ ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው እያለች አንሾካሾከች። ሞርቫሪድ አልሰማቻትም። ወንድሟ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በጋውንም ጭምር፣ ቤት ውስጥ ካልሲውን ሳያወልቅ ሲንቀሳቀስ አይታለች። ካልሲዎቹን የምታጥበውም እሷ ነበረች። የመጣ ዕለት አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ምን አደረጉህ ብላ ጠይቃው ነበር፤ ምንም አላት። ምንም በማለቱ ደስ ብሏት ዳግመኛ አልጠየቀችውም።