ሀምዲያ ያላየችው ጠዋት

ሀምዲያ በሕይወቷ አንድ ጠብታ መጠጥ ቀምሳ አታውቅም። ስለ ዞረ ድምር ግን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ቂርቆስ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። ወደ ቄራ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው የቆርቆሮ ቁርስ ቤቷ ስምም ታፔላም የላትም። ሰዉ «ሀምዲያ ጋ እንሂድ» ይላል፣ በቃ። የምትሸጠውም አንድ ነገር ነው፤ የአጃ ሾርባ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የበዛበት፣ ቃሪያ የተከተፈበት፣ ሎሚ የሚጨመቅበት ትኩስ አጃ። ሥጋ ስለማይነካው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ጿሚውም የማይጾመውም አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ይጠጣዋል። ሲጠጣ ያደረ ሰው መቼም በሃይማኖት አይለይም፤ ሁሉም ጭንቅላቱን ይዞ ነው የሚመጣው።

ሀያ ዓመት ስትቀዳ ዓይኗ ሠልጥኗል። ገና በሩ ላይ ሲደርሱ ታውቃቸዋለች። በባዶ ሆዱ የጠጣው ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ቢራና አረቄ የቀላቀለው ብርሃን ይሸሻል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። የቃመውን ጫት ለማብረድ የጠጣው ምላሱ ደርቆ ቃል አይወጣውም። ለሁሉም መጀመሪያ ውሃ ታቀርባለች። «ሰውነትህ ደርቆ ሾርባው ምን ያደርግልሃል?» ትላለች። ምክርም አትሰስትም። «ልጄ፣ ከመጠጣትህ በፊት ብላ። በየመሀሉ ውሃ ጠጣ። አትቀላቅል። ጭራሽ ብትተወውማ ይሄን ቤት ዘግቼ እተኛ ነበር።» ይስቁና ይጠጣሉ።

የማትናገረውም ነገር አለ። ሰዎቹ መጀመሪያ በቡድን ነው የሚመጡት፤ ቅዳሜና እሁድ፣ የሌሊቱን ጉድ እያወሩ። ከዚያ ሁለት ሆነው ማክሰኞም ሐሙስም ይመጣሉ። ከዚያ ብቻቸውን። ከዚያ ቤቱ ሳይከፈት በር ላይ ቆመው ይጠብቋታል። ከዚያ ይቀራሉ። ወዴት እንደቀሩ ጠይቃ አታውቅም፤ አንዳንዱን ለቅሶ ሄዳ ታገኘዋለች። አሁን በር ላይ የሚጠብቋት ጋሽ አረጋዊ ናቸው፤ ድሮ ትልቅ ቀያሽ የነበሩ፣ ዛሬ የራሳቸውን ጫማ ለማሰር የሚቸገሩ ሰው።

እንግዲህ የዚህችን ሴት ጉድ ስሙ። የሰፈሩን ጠዋት ሁሉ የምታውቀው ሀምዲያ፣ የአንድ ልጇን ጠዋት አታውቀውም ነበር። ሱብሒ ሰግዳ ከሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየሟ ስትወጣ ኑሪ ተኝቷል። ስትመለስ ሥራ ሄዷል። ማታ ሲገባ እሷ ተኝታለች። ካዛንቺስ አንዱ ፎቅ ላይ አይቲ ሆኖ ከተቀጠረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ ያሳደገችው በዚሁ አጃ ነው። ፊቱ ሲገረጣ፣ መብላት ሲተው ታያለች። «ምን ሆንክ?» ስትለው «ጨጓራዬ ነው» ይላል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ «ታይፎይድ ነው አሉኝ» ይላል። ፌጦ በሎሚ አሽታ አልጋው አጠገብ ትታለት ትሄዳለች። በሩ ላይ የቆመን እንግዳ ሰው አይታ ምን እንደጠጣ የምትናገር ሴት፣ ለገዛ ልጇ ፌጦ!

አንድ እሁድ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ላይ፣ ነጭ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ቴዎ ነው፤ ከካዛንቺስ የሚመጣ ደንበኛዋ።

«ማዘር፣ አራት አጃ! ሚጥሚጣው ሞቅ ይበል!»

ሁለቱ ጓደኞቹ እየተሳሳቁ ገቡ። አራተኛው ከመኪናው አልወርድ አለ። ቴዎ ክንዱን ይዞ ጎተተው። «ውረድ እንጂ! ይህቺ ሴትዮ እኮ ሙት ታስነሳለች።»

ኑሪ ነበር።

ጓደኞቹ ወዴት እንደሚወስዱት አላወቀም፤ ያወቀው መኪናው ሲቆም ነው። እናቱን አየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ገባና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ናት አላለም። ሀምዲያ ጭልፋዋን ይዛ ጠበቀች። ሰፈሩ ሁሉ ማዘር የሚላት ሴት፣ ከወለደችው አንድ ቃል ስትጠብቅ ቆመች። አልመጣም። እሷም በጓደኞቹ ፊት እንዳታዋርደው ብላ ልጄ አላለችውም። ውሃ አቀረበችለት፤ አጃውን ቀድታ ከፊቱ አኖረች።

ማንኪያውን አልነካም። ጎድጓዳውን ሳህን በሁለት እጁ ይዞ አፉን ወደ እሱ አወረደ።

ሀምዲያ ይህን ታውቀዋለች። ማንኪያ የሚተው እጁ የሚንቀጠቀጥበት ሰው ነው። ይህ በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ በአንድ ወርም አይመጣም።

«ማዘር፣ ይሄን ልጅ ጠዋት ጠዋት ሥራ እንዴት እንደምናስገባው ብታዪ!» አለ ቴዎ። «ፓራሲታሞል፣ ሻወር፣ ማስቲካ፣ የሌለ ነገር የለም። ጎበዝ ልጅ እኮ ነው፣ ማለቴ፣ ጭንቅላት ነው። አሁን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጥተውታል፣ አንድ ቀን ካረፈደ በቃ፣ ይባረራል። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው የማመጣው።»

«ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው እንዲህ የሚሆነው?» አለች ሀምዲያ፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ሰኞማ ድሮ ቀረ፣ አሁን በየቀኑ ነው!» አለና ሳቀ።

ሄዱ። ኑሪ ዞር ብሎ አላያትም። ጋሽ አረጋዊ ብቻ ጥግ ላይ ቀርተው ነበር። ሀምዲያ ከፊታቸው ቁጭ አለች፤ በሥራ ሰዓት ቁጭ ስትል ያዩዋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጫፍ ላይ የነበረው ልጄ ነው» አለቻቸው።

ጋሽ አረጋዊ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ።

«እርስዎን ማስተው የሚቻልበት ቀን ነበር? የሆነ ሰው፣ የሆነ ቃል ቢናገርዎት?»

«ያልተናገረኝ የለም። ባለቤቴ ተናግራኛለች። ጸበል ወስደውኛል፣ ሐኪም ቤት አስተኝተውኛል።» ወደ እሷ ጠጋ አሉ። «እውነቱን ብነግርሽ አትቀየሚኝም?»

«አልቀየምም።»

«ጠዋት ሲያመኝ ሁለተኛ አልደግመውም እላለሁ። ከልቤ ነው የምለው። ከዚያ አንቺ ጋ እመጣለሁ። ላብ ላብ ይለኛል፣ ራሴ ይተወኛል፣ እስከ ስድስት ሰዓት ሰው ሆኛለሁ። ሰው ከሆንኩ ደግሞ ምን ብዬ ልተወው? ያልኩትን እንኳን አላስታውሰውም።» ቀና ብለው አዩዋትና «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አሉ። ባይሏት ይሻላት ነበር።

ማታ ኑሪ እግሯ ላይ ወድቆ አለቀሰ። «ወላሂ እማ፣ ሁለተኛ አልነካውም» አለ። አቅፋው አብራው አለቀሰች። ልቧ ግን እንዲህ ያለውን መሐላ ስንት ጠዋት ሰምቶታል! ሰኞ በጊዜ ገባ። ማክሰኞም ገባ። ረቡዕ አምሽቶ መጣ። ሐሙስ ሌሊት የመጣበትን ሰዓት አልሰማችም።

ዓርብ ጠዋት በሀያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁርስ ቤቷን ሳትከፍት ቀረች። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመታጠቢያ ቤቱን በር ስትከፍት ኑሪን ወለሉ ላይ ተጋድሞ አገኘችው። ሸሚዙ በትውከት ርሷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሁለት ተኩል ላይ የሥራ ጠረጴዛው ላይ መገኘት አለበት።

ውሃ ሰጠችው፤ ሌላ ምንም አልሰጥም ብላ ከራሷ ጋር ተማማለች። ይመመው፤ ሕመሙን ይጥገበው፤ ቢባረርም ይባረር። ከሥራው ሕይወቱ ይበልጣል አለች። በሩ ላይ ተቀምጣ ሲያቃስት ሰማችው። ስልኩ ጠራ፤ ቴዎ ነው። አላነሳችውም። አንድ ሰዓት ሆነ። ኑሪ ለመነሳት ሞከረና መልሶ ወደቀ። ሥራ ከሌለው ቀኑን ሙሉ የት እንደሚውል አሰበች። የጋሽ አረጋዊ ጫማ ትዝ አላት። እንዲህም ብታደርግ እንዲያም ብታደርግ መውጫው አልታይ አላት።

«እማ» አለ ከወለሉ። «ትንሽ አጃ። አላህን ይዤሻለሁ፣ ትንሽ ብቻ።»

እግሯ ሳታዘው ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ነጭ ሽንኩርቱን ቀጠቀጠች፣ ዝንጅብሉን ፈቀፈቀች። ካላማሰሉት እንደሚያር ታውቃለችና እያለቀሰች አማሰለች። ሎሚ ጨመቀችበት። ራሱን ደግፋ በገዛ እጇ አጠጣችው፤ አንድ ጠብታም አላፈሰሰም።

ላብ ላብ አለው። ፊቱ ቀላ። ታጠበ፣ ሸሚዝ ቀየረ፣ ፀጉሩን አበጠረ። ግንባሯን ሳማትና «ዛሬ በጊዜ ነው የምመጣው» አለ፤ ሲለውም ፈገግ አለ፤ ያ የድሮው፣ የልጅነቱ ፈገግታ ነበር። ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ሆና አየችው። ወደ ታክሲው ሲሻገር ቀጥ ብሎ ይራመዳል፣ ከሚያውቀው ሰው ጋር ቆሞ ይጨባበጣል፣ ይስቃል። ድኗል፤ ሰው ሆኗል፤ ሰው ከሆነ ደግሞ ምን ብሎ ይተወዋል? ሀምዲያ መስኮቱን ይዛ አለቀሰች።