የማንን በር ያንኳኳሉ?

ኡርጂ የመጠይቁን ታብሌት ከተረከበች ወዲህ የሰው ምስጢር ተሸክማ ነበር የምትዞረው። ነገሌ ቦረና ተወልዳ፣ ዲግሪዋን ይዛ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋ፣ በመጨረሻ ያገኘችው ቤት ለቤት እየሄዱ መጠየቅ ነው። አሠሪዋ ሶልያና ከአዲስ አበባ የመጣች ተመራማሪ ናት። የምታጠናውም ከየአገሩ መጥቶ እዚያው ነገሌ አንድ ሰፈር ውስጥ የገባ ሰው እንዴት እንደሚኗኗር፣ ማን ከማን እንደተቀራረበ፣ ማንስ ዳር እንደቀረ ነው። በመጀመሪያው ቀን ኡርጂን አንድ ወረቀት አስፈረመቻት፤ ከአንዱ ቤት የሰማሽውን ሌላ ቤት አትናገሪም የሚል።

ቀላል መስሏት ፈረመች።

ጥያቄዎቹ አርባ ናቸው። ከየት መጡ፣ ስንት ዓመት ሆነዎት፣ ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ትነጋገራላችሁ፤ ይህን ሰው ሁሉ ቶሎ ቶሎ ይመልሳል። ሠላሳ አንደኛው ላይ ግን ቆም ይላል። «ድንገት ችግር ቢደርስብዎ መጀመሪያ የማንን በር ያንኳኳሉ?»

ከቦሬ መጥታ ድንች የምትሸጠው ውድነሽ አልቆመችም። «የቲቸር ወልደሚካኤልን ነዋ!» አለች። «ፊታቸው ሁልጊዜ ፈተና እንደሚጠብቅ ሰው ነው። ሰላምታ እንኳ ሞልተው አይሰጡም። በራቸውን ግን ሁለቴ ማንኳኳት አያስፈልግም።»

ከዶሎ ኦዶ መጥቶ ሱቅ የከፈተው ራሺድም እኚህኑ ሰው ጠራ። ሚስቱን ምጥ የያዛት ቀን ዝናብ ነበር፤ ባጃጅ ጠፋ። ሽማግሌው ምንም ሳይጠይቁ ጃንጥላቸውን እሷ ላይ ይዘው ሆስፒታል አደረሷት፤ እሳቸው በስብሰው ተመለሱ። ድርቁ ከብቱን ፈጅቶበት ከሜጋ በኩል የመጣው፣ ጎዳና የሚባለው አርብቶ አደር ደግሞ በኦሮምኛ፣ «ልጆቼን ትምህርት ቤት ያስገቡልኝ እሳቸው ናቸው» አላት። «ፎርሙን ሞሉና ‹በል ሂድ› አሉኝ። ሻይ ልጋብዝዎ ብል ተቆጡኝ።»

በሳምንቱ መጨረሻ ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ ላይ የሳቸውን ስም የጠራው ቤት አሥራ አንድ ደረሰ።

የቀረው የሳቸው የራሳቸው ቤት ነበር። ከነኡርጂ ግቢ ጋር አጥር ለአጥር ነው። ቲቸር ወልደሚካኤል ተመድበው ከሸዋ ሲመጡ ጠጉራቸው ጥቁር ነበር፤ ለኡርጂ ሂሳብ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ወለተሐና ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗል።

«አካም ነዎት ቲቸር?»

«ናጋ። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ግድግዳው ባዶ ነው። ፎቶዎቹ ወርደው ካርቶን ውስጥ ገብተዋል፤ የወጥ ቤቱም ዕቃ በሌላ ካርቶን ታስሯል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቅዳሜ ኩምሳ ቤቱን የሚገዛ ሰው ያመጣል» አሉ። ኩምሳ የሰፈሩ ደላላ ነው። «ደብረ ብርሃን ያሉት የወንድሜ ልጆች ና ብለውኛል።»

«ያውቋቸዋል?»

«በስልክ።»

ኡርጂ ካርቶኖቹን ዞራ አየች። «ምስጢር ነው እንዴ?»

«የሚሸጥ ቤት ምን ምስጢር አለው? በይ ጠይቂ።»

ጠየቀች። እንደ ልማዳቸው አጭር አጭር መለሱ። ሠላሳ አንደኛው ላይ ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማንም ብለሽ ጻፊ።»

«ቲቸር …»

«ሰው ይመጣ የነበረው ለወለተሐና ነው። አሁን የሚመጣው የቸገረው ብቻ ነው፤ ጉዳዩን ጨርሶ ይሄዳል። አልወቅስም። እኔ ጨዋታ አላውቅም።» መነጽሩን ሲወለውሉ ቆዩና በአገጫቸው ወደ ታብሌቱ አመለከቱ። «እዚያ ውስጥ የኔን በር የጠራ አለ?»

አሥራ አንዱ ቤት ምላሷ ላይ መጣ። «መናገር አይፈቀድልኝም» አለች።

«ደግ። ከፈረምሽ አትናገሪ። ብትነግሪኝም ሽማግሌ ለማጽናናት ነው ብዬ አላምንሽም።»

«ማንም» ብላ ጻፈች። ከቤታቸው ስትወጣ አጥሩን ተደግፋ ትንሽ አለቀሰች።

ለሶልያና ደውላ ነገረቻት። «አንቺ አትችዪም» አለች ሶልያና። «ሰዎቹ ራሳቸው ቢነግሯቸው ግን ማን ይከለክላቸዋል?»

በማግስቱ ኡርጂ ከውድነሽ ዘንድ ሁለት ኪሎ ድንች ገዛች። «ቲቸር ወልደሚካኤል ቅዳሜ ቤታቸውን ሊሸጡ ነው» አለቻት። ሌላ አልጨመረችም። ውድነሽ ሚዛኑን መሬት አስቀመጠችው።

ቅዳሜ ኩምሳ ገዢውን ይዞ መጣ። ኡርጂ ዕቃ ላግዝዎ ብላ እዚያው ነበረች። ሰውየው ግድግዳውን መታ መታ እያደረገ ሲዞር በሩ ተንኳኳ። ውድነሽ ናት።

«ይሄ ነው የሚገዛው?» አለች፣ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ እያየች። «እና ልጄ ሲታመም እሱን ነው የማንኳኳው? ስሙን እንኳ አላውቀው!»

ሰውየው ስሙን ሊናገር አፉን ከፈተ።

«ዝም በል፤ አንተን አልጠየቅኩም።»

ራሺድ ሴት ልጁን አቅፎ ገባ። ሰላምታም አልሰጠ፤ የሽማግሌው ጭን ላይ አስቀመጣት። «ይቺ ስትወለድ ማን ነበር? ይሄ ሰውዬ ነበር?»

ከበስተኋላው ጎዳና ሦስት ልጆቹን አሰልፎ በሩ ላይ ቆመ።

«ቅዳሜ ዩኒፎርም ምን ሊያደርግላቸው አለበስካቸው?» አሉ ቲቸር።

«እንዲያዩዋቸው።»

ሌሎችም መጡ። ቤቱ ሞላ። ሽማግሌው ልጅቷ እንዳትወድቅ በአንድ እጃቸው ይዘው፣ «ጉዳያችሁን ጨርሳችሁ ትሄዱ የለም እንዴ?» አሉ። ድምፃቸው ግን እንደ ቁጣ አልወጣም።

«‹በይ ሂጂ› እያሉን!» አለች ውድነሽ። «ፈርተንዎት እኮ ነው የምንሄደው!»

መጀመሪያ የሳቀው ኩምሳ ነው፤ ከዚያ ሁሉም። ገዢው ባርኔጣውን አነሳ። «እዚህ ቤት ብገባ በር ስከፍት ልኖር ነው» አለና ወጣ። ኩምሳም ተከተለው።

ቲቸር ወልደሚካኤል ወደ ኡርጂ ዞሩ። «ነገርሻቸው?»

«ቤቱ እንደሚሸጥ ብቻ።»

«ሌላውንስ?»

«ፈርሜያለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ድሮ ሰሌዳ ላይ ሂሳቡን በትክክል ስትሠራ እንደሚያደርጉት። ከሰዓት በኋላ ፎቶዎቹን መልሳ ሰቀለችላቸው፤ የወጥ ቤቱንም ካርቶን ፈታች። የጨው ጣሳውን እስከ አፉ እንደሞላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

ረቡዕ ጠዋት የነኡርጂ የግቢ በር ተንኳኳ። ማንኳኳት ያልለመደ ሰው እንደሚያንኳኳው ነው፤ ቀስ ብሎ፣ አንዴ። ከፈተች። ቲቸር ወልደሚካኤል ባዶ ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል። በሠላሳ ዓመት ጉርብትና በሩን ሲያንኳኩ የመጀመሪያቸው ነው።

«ጨው አልቆብኝ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን አጥሩ ላይ አድርገው።

«ይግቡ ቲቸር። እናቴ ሻይ እያፈላች ነው።»

«ቸኩያለሁ» አሉ፤ ገቡም።

ኡርጂ ብርጭቆውን ሞልታ ሰጠቻቸው። ስለ ጣሳው ለማንም አልተናገረችም።