የሰሜኑ እግር

ሥርጉት ቪዲዮውን ወደ ኋላ መልሳ አቆመችው። በጠላቂው ሮቦት መብራት ሥር፣ የባሕር ላይ የነዳጅ ማውጫው መድረክ የቆመበት የሰሜን በኩል የብረት እግር ይታያል። ባለፈው ሐምሌ ብየዳው ላይ ፀጉር የምታህል የነበረችው ስንጥቅ ዛሬ ጥፍር ታስገባለች።

"አይቼዋለሁ" አላት አለቃዋ ካፖርቱን እየደረበ። "ለመድረኩ ባለቤቶች ነግረናቸዋል። እስከ ሰመር ይቆያል ብለዋል።"

"የእሑዱን ማዕበል አይችለውም! ሰዎቹን ያውጧቸው።"

"ሥርጉት፣ እኛ እናያለን እንጂ አናዝም። ደግሞ ከዚህ ቢሮ አንዲት ቃል እንዳትወጣ።"

ቢሮዋ ካለበት ከኢቶቢኮ ቤቷ እስካለበት ሪጀንት ፓርክ በአውቶቡስ፣ በሰብዌይ፣ በስትሪትካር ስትንገላታ እርር ድብን አለች። ስንጥቋን ያገኘችው እሷ፣ ምንም ማድረግ የማትችለውም እሷ! ታናሽ ወንድሟ ምስጋና እዚያው መድረክ ላይ ምግብ አብሳይ ነው። ፈረቃው ሳያልቅ በሄሊኮፕተር የሚወጣው ደግሞ የታመመ ወይም ሐዘን የደረሰበት ብቻ ነው። እውነቱን ብትነግረውም "ጓደኞቼን ጥዬ?" ብሎ ድርቅ እንደሚል ታውቃለች። ቢሆንም ልትነግረው ቆረጠች።

ቤት ስትደርስ እናታቸው ወይዘሮ የኔነሽ ሳሎን ሹራብ ይሠራሉ። ሰላም ብላቸው መኝታ ቤቷ ገባችና ደወለች።

"ሥርጉትዬ! ብሬክ ላይ ነኝ" አላት ምስጋና እየሳቀ።

እንዲህ ያለውን ወሬ ብቻውን ሆኖ እንዲሰማ አልፈለገችም።

"ምስጋና፣ አጠገብህ ማን አለ?"

ሳቁ ቀጥ አለ። ያገራቸው ሰው ሁሉ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ምን እንደሚከተል ያውቃል።

"ዙበይር አለ፣ አብሮኝ የሚሠራው። ምነው? እማዬ ናት? ሥርጉት፣ እማዬ ናት አይደል?"

አይደለችም ልትል አፏን ከፈተች፤ ሐዘን የደረሰበት በሄሊኮፕተር እንደሚወጣ ግን ትዝ አላት። በበሩ ክፍተት እናቷ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው "ምስጋና ነው እንዴ?" አሉ። በሩን ዘጋችው።

"አዎ" አለችው። "በጠዋቱ ሄሊኮፕተር ና።"

ጩኸቱ አንጀቷን በጠሰው። ስልኩ ወድቆ ተነሣና ሌላ፣ የረጋ ድምፅ መጣ።

"እህቴ፣ ዙበይር ነኝ። አላህ ያጽናሽ። አታስቢ፣ ቦሱን አሁኑኑ አናግረዋለሁ፤ ጠዋት ራሴ አሳፍረዋለሁ። ሺፍቱንም እኔ ገብቼ ከቨር አደርግለታለሁ።"

ስንጥቋም የእሑዱ ማዕበልም ምላሷ ላይ ነበሩ። ዙበይር ከሰማ ምስጋና ይሰማል፤ ምስጋና ከሰማ ደግሞ አይወጣም።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ" አለችውና ስልኩን ዘጋች።