ለነፍስ የተሰጠች ሳህን

ስማራንዳ ኮስታኬን ትጸየፈዋለች። ሱቁ ሻጋታና የበግ ጠጉር ይሸታል፤ እሱ ደግሞ አውራ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ዕቃ የሚያብስ ሰው ነው። ከየቤቱ አሮጌ ዕቃ ይለቅምና በኢንተርኔት ለውጭ አገር ሰው ይሸጣል። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ የዕቃዎቹን መግለጫ በእንግሊዝኛ የምትጽፍለት የመንደሩ አስተማሪ እሷው ራሷ ናት።

የምትጽፈውም ውሸት ነው። እንግሊዝኛ ዕቃውን አስቀድሞ ይጠራና ወሬውን ከኋላ ያስከትላል፦ ማንኪያ፣ ሙሽራ በሠርጓ ዋዜማ የቀረጸችው፤ ወንበር፣ መበለት ባሏን ስትጠብቅ ያረጀችበት። ወሬውን ከዕቃው የሚያያይዘው ቃል «ዊች» ነው፤ ለተማሪዎቿ አንድ ይበቃችኋል ትላለች። ለኮስታኬ ግን አንዱን በአንዱ ላይ ትቀጣጥላለች፤ ጅራቱ በረዘመ ቁጥር ገዢው ይሻማላ!

«ነይ እስቲ አስተማሪዬ፣ ዛሬስ ጉድ ነው ያገኘሁት!» አላት አንድ ቀን፣ የራሰ ጣቱን በአንዲት የሸክላ ሳህን ጠርዝ ላይ እያዞረ።

ስማራንዳ ክው አለች። ተሰንጥቃ በሽቦ የተጠፈረች የእናቷ ሳህን ናት። እናቷን የቀበረች ዕለት ከዳቦና ከሻማ ጋር ለነፍሷ ብላ ለጎረቤቷ ለአግላያ የሰጠቻት። እንዲህ የተሰጠ ዕቃ ይበላበታል እንጂ አይሸጥም፤ የሚበላበት ከጠፋ ሟች በወዲያኛው ዓለም ጦሟን ትቀመጣለች። ስማራንዳ በብዙ ነገር አታምንም፣ በዚህ ግን ታምናለች።

«የእናቴ ናት። ይመልሱልኝ።»

«ገዝቻታለሁ እኮ! ለእንግሊዙ ደንበኛዬም ቃል ገብቻለሁ። በይ ዊች ዊቹን ጨምሪበትና ስጪኝ።»

እውነቱን ብጽፍ ማን ይፈልጋታል አለች በልቧ። ተቀመጠችና ጻፈች፦ ሳህን፣ እናቴን በሞተችበት ክረምት ሾርባ ያጎረስኩባት፣ መዋጥ ሲያቅታት ከአገጯ የወረደውን የተቀበልኩባት፣ ለነፍሷ የተሰጠች፣ መሸጥ የሌለባት።

ኮስታኬ በስልኩ እያስተረጎመ አነበበው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያን ጊዜ ነው ስማራንዳን ያንገሸገሻት፤ ሰውዬው ከልቡ ነበር የሚያለቅሰው።

«ዛሬ ገና ጻፍሽ!» አላት አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ። «እስከ ዛሬ የት ደብቀሽው ነው?»

ሳትከለክለው ጽሑፉን ለእንግሊዙ ላከው። የቀዳላት ሻይ እንኳ ሳይቀዘቅዝ ስልኩ ጮኸ፤ ሳህኗ ተሸጠች። ስማራንዳ ልትነጥቀው እጇን ስትዘረጋ ሳህኗን ብብቱ ውስጥ ሸጎጣት።

«ኧረ ነውር ነው አስተማሪዬ! የሰው ንብረት እኮ ሆነች!»

ተፋችበትና ወጣች። አግላያን የምትሰድብበትን ቃል መንገድ ሙሉ ስትመርጥ ሄደች፦ ሆዳም፣ ሙት ዘራፊ፣ እግዜርን የማትፈሪ። አሮጊቷ አጥሯ ሥር ጎመን ትኮተኩታለች።

«አክስቴ አግላያ! ምን በወጣት ነው እናቴን የሸጥሻት?»

አሮጊቷ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። የደነገጠች አትመስልም።

«ምነው ልጄ፣ መች ሸጥኳት? ሳንቲም አልተቀበልኩም። ለኮስታኬ የሰጠሁት እኮ አንቺ እንድትጽፊላት ነው። የሰው ሁሉ ሙት በእንግሊዝኛ ሲነሣ ያንቺ እናት ብቻ ትቅር? ስለ ማሪያ እናት ማንኪያ የጻፍሽውን ስትነግሪን ቤተ ክርስቲያን ደጅ አልቅሰን አልነበር? ማሪያ እናቴን አከበረችልኝ ብላ እስከ ዛሬ ትመርቅሻለች።»

«እሱ እኮ ውሸት ነው አክስቴ። ሁሉንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

«ውሸት?» አግላያ መኮትኮቻዋን ጣለች። ስማራንዳን ከእግር እስከ ራስ አየቻት። ስማራንዳ ያን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ኮስታኬ ጣቱን በምራቁ ሲያርስ እሷ የምታየው እንደዚያ ነው።

«እኔ እንኳ እስከ ትናንት ማታ እበላባት ነበር» አለች አሮጊቷ ቀስ ብላ። «በቀን ሁለቴ። ስሟን እየጠራሁ።»

ከዚያም ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ጎመኗ ተመለሰች።