የመጨረሻዋ እፍኝ አደንጓሬ

ዝናቡ በያዘ በሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት ጓሮው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ አናጢው፣ ሚስቱና የሚስቱ እናት። አማትየው የመድኃኒት ብልቃጥ ይዘዋል። ብልቃጡ ውስጥ ሟቹ ባላቸው ለዓመታት እየዘሩ ያቆዩት ነጠብጣብ አደንጓሬ አለ። ሌላውን ነቀዝ ጨርሶት የቀረው አንድ እፍኝ ብቻ ነው፤ ይህ ካላፈራ ዘሩ ከቤቱ ጠፋ ማለት ነው።

«እንጨት ተክለህ ለብቻው ዝራው» አሉት።

«እንጨት ምን ያደርጋል እማማ? በቆሎው ራሱ እንጨት ነው፤ አደንጓሬው እሱ ላይ ይወጣል፣ አፈሩንም ያበረታለታል። ጎረቤታችን አትክልተኛው እንደዚህ ነው የሚያደርገው።»

«አናጢ በእንጨት ሲሰስት ዛሬ አየሁ!»

ሚስቱ ሳቀች። አማትየው ግን ብልቃጡን ሁለቴ ከፍተው ዘጉት። በመጨረሻ «በል እንግዲህ፣ አደራ» ብለው አስጨበጡት።

አናጢው መለካት ያውቅበታል። ገመድ ወጠረ፣ በሜትር እየለካ ጉድጓድ ቆፈረ፣ በየጉድጓዱም በቆሎውንና አደንጓሬውን ባንድ ቀን አብሮ ዘራ።

በአምስተኛው ሳምንት አደንጓሬው ቀድሞ አደገና በቆሎው ላይ ተጠመጠመ። ለጋው በቆሎ ጎብጦ ተኛ፤ አደንጓሬውም አብሮት ጭቃ ላይ ወደቀ። አናጢው አማቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

አትክልተኛው በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። «መቼ ዘራኸው?»

«ሁለቱንም ባንድ ቀን።»

«ወይ አንተ ሰውዬ! ጎረምሳ ለሕፃን ታሳዝላለህ? አደንጓሬው የሚዘራው በቆሎው ስንዝር ካለፈ በኋላ ነው እኮ!»

«አሁንስ ምን ይሻላል?»

«የእንጨት ሰው አንተ፣ እኔን ትጠይቀኛለህ?»

አናጢው ለመስኮት ያስቀመጠውን ጣውላ በመጋዝ ስስ ስስ አድርጎ ሰነጠቀና ተከለው። አማትየው ሳይጠሩ መጡ። ሐረጉን አንድ በአንድ ከበቆሎው እያላቀቁ፣ በዞረበት አቅጣጫ ጣውላው ላይ ጠመጠሙት።

«አጠፋሁ እማማ።»

«ዝም ብለህ እንጨቱን ያዝ። ቀስ! አንገቱን እንዳትሰብረው።»

ዘጠኝ ሐረግ ደረቀ፤ አሥራ አራቱ ተረፈ። ፍሬው ሲለቀም ብልቃጡ እስከ አፉ ሞላ፤ የተረፈው በሻይ ብርጭቆ ተቀመጠ።

በሚቀጥለው ዓመት አማትየው ራሳቸው በቆሎውን ቀድመው ዘሩ። አናጢውም ስንዝር ማለፉን በሜትር ለክቶ ካረጋገጠ በኋላ ብልቃጡን ተቀበላቸው።